«አልጠጣውም፣ እሠራዋለሁ እንጂ»

ባለፈው ክረምት ከአሜሪካ ዘመዶቹን ሊጠይቅ የመጣ አንድ የልጅነት ወዳጄ፣ ከመግሪብ ሶላት በኋላ ከመስጂድ ስንወጣ ክንዴን ይዞ «አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ ግን እንዳትስቅብኝ» አለኝ። ይህ ወዳጄ ሶላቱን የሚጠብቅ፣ ልጆቹን ቁርኣን የሚያስቀራ፣ በሙያው መሐንዲስ የሆነ ሰው ነው። ቢራም ሆነ አረቄ በአፉ ዞሮ አያውቅም። ጥያቄው ግን ስለ ቢራ ነበር።

እንዳጫወተኝ ከሆነ፣ በሚኖርበት ሰፈር ያሉ ጎረቤቶቹ ቅዳሜና እሑድ በአንደኛው ሰው የመኪና ጋራዥ ውስጥ ተሰብስበው ቢራ ይጠምቃሉ። የሚጠምቁት ለሽያጭ አይደለም። ሌላው ሰው ኳስ እንደሚያየው ወይም ጓሮውን እንደሚኮተኩተው ሁሉ የእነሱም የትርፍ ጊዜ መዝናኛ ይኸው ነው። አንዱ ብቅል ይፈጫል፤ አንዱ የውሃውን ሙቀት በቴርሞሜትር ይለካል፤ ሌላው ደግሞ በእኛ አገር ጌሾ የሚሰጠውን ምሬት የሚሰጥላቸውን ሆፕስ የተባለ አበባ በሚዛን ይመዝናል። የፖም ወቅት ሲደርስ ጭማቂውን አስቀምጠው ሳይደር የሚባለውን መጠጥ ያወጣሉ። በወይን ወቅት ደግሞ የወይን ጠጅ ይጥላሉ። የሠሩትን ሁሉ ቀኑን፣ መጠኑንና ሙቀቱን እየጻፉ በደብተር ይይዛሉ።

ጎረቤቶቹ ክፉ ሰዎች አይደሉም። ባለቤቱ ለወሊድ ሆስፒታል በገባች ጊዜ ትልቁን ልጁን ቤታቸው ያሳደሩለት እነሱ ናቸው። ስለዚህ ሲጋብዙት እንቢ ማለት ከበደውና አንድ ቀን ሄዶ ቆሞ አየ። በሦስተኛው ሳምንት ቴርሞሜትሩን የያዘው እሱ ነበር። ገብስና ውሃ በአንድ በርሜል ውስጥ ሲንተከተኩ፣ አረፋ ሲያወጡ፣ ሽታቸው ከቀን ወደ ቀን ሲለወጥ ማየት ማረከው።

«እንግዲህ ጥያቄዬ ይኸውልህ» አለኝ። «አልጠጣውም። አልሸጠውም። የወደድኩት ሥራውን ብቻ ነው። አልጠጣውም፣ እሠራዋለሁ እንጂ። ወንጀሉ የቱ ጋ ነው?»

«ሐራም ነው» የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። መልሱም እውነት ነው። ነገር ግን ወዳጄ የጠየቀኝ ሐራም የት ላይ እንደሚጀምር እንጂ መጠጥ ሐራም መሆኑን አልነበረም። አንድ የተማረ ሙስሊም ምክንያት ሲጠይቅ ብይን ብቻ ነግሮ ማሰናበት ደግሞ ፊት መስጠት አይባልም። «አስቤበት እጽፍልሃለሁ» አልኩት። ጥያቄው የእሱ ብቻ ስላልመሰለኝ መልሱን በዚህ ገጽ ላይ አውጥቼዋለሁ።

በመጀመሪያ፣ ይህ የአሜሪካኖች የቤት ጠመቃ የራሱ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1920 ጀምሮ የአገሪቱ ሕገ መንግሥት አስካሪ መጠጥ ማምረትን፣ መሸጥንና ማጓጓዝን ከልክሎ ነበር። አስፈጻሚው ሕግ ግን አንድ ቀዳዳ ትቷል። ማንኛውም ሰው «የማያሰክር» የፖምና የፍራፍሬ ጭማቂ ለቤቱ ማዘጋጀት ይችል ነበር። ጭማቂ በርሜል ውስጥ ሰንበት ሲል ምን እንደሚሆን የማያውቅ ገበሬ ግን አልነበረም። በዚያው ዘመን ደርቆ እንደ ጡብ የተጠፈጠፈ የወይን ጭማቂ በየሱቁ ይሸጥ ጀመር። ከጡቡ ጋር አንድ ማስጠንቀቂያ አብሮ ይሰጥ እንደነበር ይነገራል። በውሃ ከበጠበጡት በኋላ በማሰሮ አድርገው ቁም ሳጥን ውስጥ 20 ቀን እንዳያስቀምጡት፣ ካስቀመጡት ወደ ወይን ጠጅ እንደሚለወጥ የሚያሳስብ ነበር። ገዢውም ማስጠንቀቂያውን አንብቦ ልክ እንደዚያው ያደርግ ነበር።

ክልከላው በዲሴምበር 1933 ተነሣ። በቤት ውስጥ ቢራ መጥመቅ ግን ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር በኦክቶበር 1978 አንድ ሕግ እስኪፈርሙ ድረስ በፌዴራሉ ሕግ እንደተከለከለ ቆየ። አዲሱ ሕግ አንድ ለአካለ መጠን የደረሰ ሰው በዓመት 100 ጋሎን፣ ሁለትና ከዚያ በላይ ለአካለ መጠን የደረሱ ሰዎች ያሉበት ቤት ደግሞ 200 ጋሎን፣ ማለትም ከ750 ሊትር በላይ፣ ለራሱ እንዲጠምቅ ፈቀደ። የወዳጄ ጎረቤቶች የዚህ ሕግ ልጆች ናቸው። ያንን የወይን ጡብ ማስጠንቀቂያ ግን አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ራሳችን ቤት እንግባ። ወዳጄ የወደደው ነገር፣ ማለትም ፍሬንና ውሃን አዋህዶ ቆይቶ የሚሆነውን ማየት፣ በራሱ ነውር ነውን? አይደለም። በሶሒሕ ሙስሊም እንደተዘገበው እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ለነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ነቢዝ ያዘጋጁላቸው ነበር። ነቢዝ ማለት ተምር ወይም ዘቢብ በውሃ ተዘፍዝፎ ውሃው ሲጣፍጥ የሚጠጣ ነው። ጧት የተዘፈዘፈውን ማታ፣ ማታ የተዘፈዘፈውን ጧት ይጠጡት ነበር። ኢብን ዐባስ (ረ.ዐ.) እንዳስተላለፉት ደግሞ እስከ ሦስተኛው ቀን ምሽት ድረስ ይጠጡት ነበር፤ ከዚያ የተረፈው ይደፋ ነበር። ስለዚህ በተከበረው ቤት ውስጥም ፍሬ ይዘፈዘፍ፣ ውሃም ይጣፍጥ ነበር። ዲናችን ከተምሩ ጋር ጠብ የለውም። ከማሩና ከገብሱም ጋር የለውም።

ከዕቃውም ጋር የለውም። የዐብዱል ቀይስ ልዑካን መዲና በመጡ ጊዜ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በአራት ዓይነት ዕቃ ነቢዝ እንዳያዘጋጁ ከልክለዋቸው ነበር፤ በቅል፣ በአረንጓዴ ማሰሮ፣ በተቦረቦረ የተምር ግንድና ዝፍት በተቀባ ዕቃ። የሐዲስ ሊቃውንት ምክንያቱን ሲያብራሩ፣ ቆዳ ስስ ስለሆነ በውስጡ ያለው መጠጥ ሲፈላ ስልቻው ይነፋል፣ አልፎም ይተረተራል፣ ባለቤቱም ያውቃል ይላሉ። በቅልና በማሰሮ ውስጥ ግን መጠጡ ባለቤቱ ሳያውቀው ይለወጣል። ሰዎቹ ሕጉን ከለመዱ በኋላ ክልከላው ተነሥቶ በየትኛውም ዕቃ እንዲያዘጋጁ ተፈቅዶላቸዋል፤ የሚያሰክር ነገር ብቻ እንዳይጠጡ ታዘዙ።

የእህሉ ዓይነትም ለውጥ አያመጣም። አቡ ሙሳ አል አሽዐሪ (ረ.ዐ.) ወደ የመን ሲላኩ በአገራቸው ስለሚጠመቁ ሁለት መጠጦች ጠይቀው ነበር። አንደኛው ከማር የሚሠራው ቢትዕ፣ ሁለተኛው ከገብስ የሚሠራው ሚዝር ነው። ይህን ሰምቶ ጠጅና ጠላ ትዝ የማይለው የአገራችን ሰው ያለ አይመስለኝም። የነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መልስ አጭር ነበር፤ የሚያሰክር ሁሉ ሐራም እንደሆነ ነገሯቸው። እንዲያውም የእኛው አገር ጋን በስም ተጠቅሷል። በአቡ ዳውድ ሱነን ውስጥ «ጉበይራእ» የተባለ መጠጥ መከልከሉ የተዘገበ ሲሆን፣ ይህም ሐበሾች ከማሽላ የሚሠሩት መጠጥ እንደሆነ እዚያው ተብራርቷል። ዑመር (ረ.ዐ.) ደግሞ በሚንበር ላይ ሆነው ኸምር ከወይን፣ ከተምር፣ ከማር፣ ከስንዴና ከገብስ እንደሚገኝ ከዘረዘሩ በኋላ፣ ኸምር ማለት አእምሮን የሚሸፍን እንደሆነ አስረድተዋል።

እንግዲህ ነቢዝና ኸምር ፍሬያቸው አንድ፣ ዕቃቸው አንድ፣ የሚያዘጋጃቸውም እጅ አንድ ሊሆን ይችላል። ታዲያ የሚለያቸው ምንድን ነው?

የሚለያያቸው ጊዜ ነው። ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ መርምሮ እንዳስረዳው፣ እ.ኤ.አ. በ1876 ባሳተመው ስለ ቢራ በሚናገር መጽሐፉም እንዳስፋፋው፣ ጭማቂን የሚያፈላው በዓይን የማይታይ ሕያው ነገር፣ እርሾ፣ ነው። እርሾ ስኳሩን በልቶ አልኮልና ጋዝ ያወጣል። 100 ግራም ስኳር ሙሉ በሙሉ ሲፈላ በግምት ግማሹ አልኮል፣ ግማሹ ደግሞ ጋዝ ይሆናል። አረፋውና ስልቻውን የሚነፋው ይኸው ጋዝ ነው። ሙቀት በጨመረ ቁጥር እርሾው ይፈጥናል። በዚህ ምክንያት በድሬዳዋ ሙቀት አንድ ቀን ያደረ መጠጥ በአዲስ አበባ ብርድ አንድ ቀን ካደረው ጋር እኩል አይደለም። ከዑለማዎች ሦስቱን ቀን ራሱን ወሰን ያደረጉ አሉ። ብዙዎቹ ግን ወሰኑ ማስከሩ ነው፣ ቀኑ ጥንቃቄ ነው ብለዋል። በሁለቱም አስተያየት መጠጡን ያዘጋጀ ሰው ዓይኑን ከዕቃው ላይ ማንሣት አይችልም።

ወዳጄ ሆይ፣ የጥያቄህ መልስ እዚህ ላይ የሚገኝ ይመስለኛል። ነቢዝ የሚያዘጋጅ ሰው ዕቃውን የሚጠብቀው ሰዓቱ እንዳያልፍበት ነው። ቢራ ጠማቂው ደግሞ የሚጠብቀው ሰዓቱ እስኪደርስለት ነው። ሁለቱም ተጎንብሰው ያንኑ አረፋ ያያሉ። አንደኛው ሲያየው ሊደፋው ይነሣል፤ ሌላኛው ሲያየው ደስ ይለዋል። የወይኑ ጡብ ማስጠንቀቂያና የሦስቱ ቀን ሐዲስ ሲነበቡ ይመሳሰላሉ፤ ሁለቱም ከዚህ ቀን አታሳልፉት ይላሉ። ነገር ግን አንደኛው ማስጠንቀቂያ መስሎ የተነገረ አሠራር ነው፤ ሌላኛው ግን እውነተኛ ማስጠንቀቂያ ነው። ልዩነቱ በኒያ ውስጥ እንጂ በቃሉ ውስጥ አይደለም። አንተም ያን በርሜል ስትከድን ምን እንዲሆንልህ እንደምትመኝ ልብህን ጠይቀው። ሳይለወጥ ቢቀር ታዝናለህ አይደል? እንግዲያው የወደድከው ለውጡን ነው።

«ነገር ግን አልጠጣውም» ትለኛለህ። በቲርሚዚ በተዘገበው ሐዲስ ከኸምር ጋር በተያያዘ አሥር ሰዎች ተረግመዋል። ጠጪው አንዱ ነው እንጂ ብቸኛው አይደለም። የሚጨምቀውና የሚያስጨምቀው፣ የሚሸከመውና የሚሸከሙለት፣ የሚቀዳው፣ የሚሸጠው፣ ዋጋውን የሚበላው፣ የሚገዛውና የሚገዙለትም ከእነሱ ጋር ናቸው። ይህን ሐዲስ በልጅነታችን ስንሰማ እንደ ማስፈራሪያ ብቻ ይታየን ነበር። አሁን ሳስበው ግን አንድ ብርጭቆ በአንድ ሰው እጅ ብቻ እንደማይሞላ የሚያስተምር ሆኖ አገኘዋለሁ። አስካሪ መጠጥ የብዙ ሰው የትብብር ሥራ ነው። እያንዳንዱም «እኔ እኮ የያዝኩት ቴርሞሜትሩን ብቻ ነው» ማለት ይችላል።

ደግሞም እስቲ እንደ ባለሙያ አስብበት። የአናጢ ሥራ የሚፈተነው ወንበሩ ላይ ሲቀመጡበት ነው። የጠማቂም ሥራ የሚፈተነው ሲጠጣ ነው። አንተ የማትቀምስ ከሆንክ፣ ሥራህ ማማሩን የሚነግርህ የጎረቤትህ ምላስ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ብቅሉን ስትጨምር ወይም ስትቀንስ የምታስተካክለው ለእሱ አፍ ነው። ስለዚህ መጠጡ በአንተ ጉሮሮ አለመውረዱ ከመጠጡ አላራቀህም፤ የምትጠጣበትን አፍ ተዋስክ እንጂ።

አንተ ያነበብክ ሰው ነህና የኢማም አቡ ሐኒፋን አስተያየት ልታነሣብኝ ትችላለህ። እውነት ነው፣ እሳቸውና ተማሪያቸው አቡ ዩሱፍ ከማርና ከእህል በሚሠሩ መጠጦች ላይ፣ ለስካር እስካልተጠጡ ድረስ፣ ከሌሎቹ ኢማሞች የላላ አስተያየት ነበራቸው። ሌላው ተማሪያቸው ሙሐመድ ኢብኑል ሐሰን ግን ብዙው የሚያሰክር ነገር ጥቂቱም ሐራም ነው ከሚሉት ጋር ቆመዋል። በመዝሀቡ ውስጥ ለፈትዋ የተያዘውም የእሳቸው ቃል ነው። ከሁሉ በላይ ግን የላላው አስተያየት ራሱ አንድ ቅድመ ሁኔታ ነበረው፤ መጠጡ ለጨዋታና ለመዝናናት መሆን የለበትም። የጎረቤቶችህ ጋራዥ የተከፈተው ግን ለመዝናናት ነው። በጣም ሰፊ በሆነው በር እንኳ ለመግባት አልቻልክም ማለት ነው።

ስለ ጎረቤቶችህ ክፉ አልናገርም። እነሱ ከእኛ ጋር አንድ ሕግ የላቸውም፤ ጓዳቸውን እንድንቆጣጠርም የሾመን የለም። እዚህ በየሰፈራችን ጠላ ጠምቃ፣ ልጆቿን በዚያው የምታሳድግ ሴትም መዝናኛ ፍለጋ አይደለም ጋን የምታጥበው። የእሷን ችግር ከአንተ የቅዳሜ ጨዋታ ጋር ማወዳደር ግፍ ይሆናል። የእኔ ነገር ከአንተ ጋር ነው። የዐብዱል ቀይስ ልዑካን ታሪክ አንድ ቀሪ አለው። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ስለ መጠጥ ሲያስጠነቅቋቸው፣ ከመካከላቸው አንዱ ሰክሮ የአጎቱን ልጅ በሰይፍ እስከመምታት እንደሚደርስ ተናገሩ። ከልዑካኑ ውስጥ ልክ እንዲህ ዓይነት ቁስል ያለበት ሰው ነበር። ከሀፍረት የተነሣ ቁስሉን ከነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ይደብቅ እንደነበር ኋላ ራሱ ተናገረ። ያን ቁስል ያደረሰው ሰይፍ የያዘው ሰው ነው። ነገር ግን ከእሱ በፊት ተምሩን የዘፈዘፈ፣ ሽታው ሲለወጥ የተደሰተ ሰው ነበር። ስሙን ማንም አያውቀውም፤ ምናልባትም አልቀመሰው ይሆናል።

ውድ አንባቢያን፣ እዚህ ላይ ባቆም ደስ ባለኝ። ሌላውን መምከር ቀላል ነው። ነገር ግን ወዳጄ ሲጠይቀኝ «ሐራም ነው» ብዬ ለመመለስ ያልደፈርኩበት ሌላም ምክንያት ነበረኝ።

የዛሬ ስድስት ዓመት እህቴ ስታገባ እናቴ ቀሪቦ አዘጋጅታ ነበር። አሠራሩን አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። ገብሱ እስኪጠቁር ይቆላል፤ በውሃ ይፈላል፤ ይጠለላል። ሲቀዘቅዝ ስኳርና እርሾ ይገባበትና ያድራል። በማግስቱ ለእንግዳ ይቀርባል። ከኒካሑ በኋላ ሁለት ጀሪካን ሙሉ ተረፈ። ክዳኑ ጥብቅ ተደርጎ ጓዳ ውስጥ ተቀመጠና በግርግሩ ተረሳ። በአምስተኛው ቀን ከገጠር ዘግይተው የመጡ ዘመዶች ቤቱን ሞሉት። «ቀሪቦው አለ አይደል? ቅዱላቸው» ያልኩት እኔ ነኝ።

ልትቀዳ የተነሣችው ጎረቤታችን ነበረች። ክርስቲያን ናት፤ ለሠርጉ ሳምንቱን ሙሉ ከእኛ ጋር ሽንኩርት ስትከትፍና ዕቃ ስታጥብ የሰነበተች ናት። ጀሪካኑ ጎኑ ተነፍቶ ነበር። ክዳኑን ስትከፍተው ጢስ ብሎ ተነፈሰ። ጎንበስ ብላ አሸተተችው፤ ቀና ብላ እናቴን አየቻት።

«እትዬ፣ ይሄ እኮ አልፏል» አለች።

«ምኑ?» አለች እናቴ።

«ጠላ ስጠምቅ የኖርኩ ሰው ሽታው ይጠፋኛል? ለእኛ ቢሆን ምንም አይደል። ለእናንተ ግን አይሆንም። ልጆቹ እንዳይነኩት።»

እኔ ዲግሪ ያለኝ፣ በጋዜጣ የምጽፍ ሰው፣ ያልኩትን ብነግራችሁ አፍራለሁ። «ቀሪቦ እኮ ነው፤ ቀሪቦ ደግሞ አያሰክርም» አልኩ። ስሙን ይዤ ተከራከርኩ። ወደፊት ሰዎች ኸምርን ሌላ ስም እየሰጡ እንደሚጠጡ የሚያስጠነቅቀውን ሐዲስ ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ሁልጊዜም የሚናገረው ስለ ሌሎች ሰዎች ይመስለኝ ነበር። ያን ቀን ግን ስም ሰጪው እኔው ሆንኩ።

እናቴ ከእኔ ጋር አልተከራከረችም። ሁለቱንም ጀሪካን አስወጥታ ከግቢው ቦይ ላይ አስደፋች። ስኳር በወረፋ በሚገኝበት ጊዜ ነበርና ስንት ኪሎ እንደገባበት ሁላችንም እናውቃለን። «ስኳሩን አላህ ይተካዋል» አለችና ለእንግዶቹ ሻይ ጣደች። ኋላ ላይ የአቡ ጦልሓን (ረ.ዐ.) ታሪክ ሳነብ የእናቴ ድርጊት ትዝ አለኝ። ኸምር በተከለከለ ቀን በቤታቸው ይቀዳ የነበረው አነስ (ረ.ዐ.) ነበሩ። የአዋጁ ድምፅ ሲሰማ አቡ ጦልሓ ወጥተህ ድፋው አሏቸው፤ መጠጡም በመዲና መንገዶች ላይ ፈሰሰ። የየቲሞች ውርስ የሆነ ኸምር በእጃቸው ነበርና ስለ እሱም ጠየቁ። እንዲደፋ ታዘዙ። ኮምጣጤ ላድርገው ቢሉም አልተፈቀደላቸውም። የየቲም ገንዘብ እንኳ ምክንያት ካልሆነ፣ የእኔ ሁለት ጀሪካን ምን ሊሆን ነው?

ያ ቀን ሁለት ነገር አስተማረኝ። አንደኛው፣ ሐላላችንን የጠበቀችልን ጠላ የምትጠምቅ ጎረቤታችን መሆኗ ነው። እሷ የለውጡን ሰዓት የምታውቀው ሰዓቱን እየጠበቀች ስለኖረች ነው። እኛ ግን «የእኛ መጠጥ ሐላል ነው» ብለን ሰዓቱን መጠበቅ ትተናል። ሁለተኛው፣ ሐላል አንድ ጊዜ ስለተባለ ሐላል ሆኖ የሚኖር አለመሆኑን ነው። የሰው እጅ ሳይነካው፣ ሁሉም ተኝቶ ሳለ፣ ጓዳ ውስጥ ሊለወጥ ይችላል።

ስለዚህ የራሳችንን ጀሪካን እንይ። በየሠርጉና በየበዓሉ የሚቀርበው ቀሪቦ፣ በየሱቁ በላስቲክ ጠርሙስ የሚሸጠውም ጭምር፣ መቼ እንደተሠራ የምንጠይቅ ስንቶቻችን ነን? ማር በውሃ ተበጥብጦ የሚጠጣው ብርዝም ቢሆን ያለ ጌሾ በራሱ ጊዜ ይፈላል፤ እርሾ በማሩም በዕቃውም ላይ አለና። ማቀዝቀዣ ያዘገየዋል እንጂ አያቆመውም። መድኃኒቱ ከባድ አይደለም። የሚጠጣውን ያህል ብቻ ማዘጋጀት፣ የተዘጋጀበትን ቀን በዕቃው ላይ መጻፍ፣ ካደረ ከመቅዳት በፊት ማሽተት፣ የተጠራጠሩትን መድፋት ነው። ነጋዴዎቻችንም ቀኑን ሳይጽፉ ባይሸጡ አላህን መፍራት ይሆንላቸዋል።

ይህን ስል ወደ ወስዋስ እየጠራኋችሁ አይደለም። የእንጀራው ሊጥም የዳቦውም ሊጥ ይቦካል፤ በመቡካቱ ጥቂት አልኮል ይፈጥራል፤ አብዛኛው በምጣዱ ላይ ይተናል። በዳቦ የሰከረ ሰው የለም። ሚዛኑ ግልጽ ነው። ብዙ ቢጠጣ የሚያሰክር ነገር ጥቂቱም አይነካም። የቱንም ያህል ቢወሰድ የማያሰክር ነገር ደግሞ የዚህ ክልከላ ጉዳይ አይደለም። የምንጠየቀው በዓይናችን፣ በአፍንጫችንና በቀን መቁጠሪያችን ልናውቀው ስንችል ችላ ስላልነው ነው።

ወዳጄ ሆይ፣ ለአንተ ያለኝ ምክር ይህ ነው። ከጎረቤቶችህ አትራቅ፤ በርሜላቸውን ግን ለእነሱ ተውላቸው። ሥራውን ከወደድክ ሥራ አልጠፋም። ዘቢብ ዘፍዝፍ፤ ብርዝ በጥብጥ፤ ገብስ ቆልተህ ቀሪቦ አፍላ። ቴርሞሜትርህንና ደብተርህንም ይዘህ ግባ። በየስንት ሰዓቱ፣ በየትኛው ሙቀት ላይ መጠጡ ወደ ለውጥ እንደሚያመራ መዝግበህ ብትልክልን እኛ እዚህ ያለነው እንጠቀምበታለን። ቅዳሜ ማለዳ የሠራኸውን ይዘህ ሂድና ከጎረቤቶችህ ጋር ጠጣው። ለምን በዚያው ቀን እንደምትጨርሰው ይጠይቁሃል። ያን ጊዜ ስለ ስልቻውና ስለ ሦስቱ ቀን ብታጫውታቸው፣ በጋራዡ ውስጥ ቆመህ ከምትለካው ሙቀት ይልቅ ይህ የሚጠቅማቸው ይመስለኛል።

ከተረፈህም አትሰስት፤ ድፋው። ወላሁ አዕለም።